ፊሊፕ ላርኪንን በአማርኛ ጆሮ ማንበብ፦ ከየት ይጀመራል፣ የቱ ጋ ያደናቅፋል

እንግሊዝኛው መካከለኛ የሆነ አንባቢ የ20ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ገጣሚ የፊሊፕ ላርኪንን ግጥም ሲከፍት መዝገበ ቃላት የሚያስወርድ ቃል እምብዛም አያገኝም። ባቡር፣ የኪራይ ክፍል፣ ብስክሌት፣ ሰርግ፣ ሐኪም ነው የሚያገኘው። አንብቦ ሲጨርስ ግን «ታዲያ ምን አለ?» ይላል። ችግሩ የቃላት እጥረት አይደለም። በአማርኛ ግጥም ያደገ ጆሮ ሁለት ልማድ አለው፤ ቤት የተመታበት ላይ ማረፍ፣ ወርቁንም ከመጨረሻው ስንኝ መጠበቅ። ላርኪን ላይ ሁለቱም ያስታሉ። ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው እነዚህን ልማዶች ለጊዜው ማስቀመጥ ስለሚቻልበት መንገድ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጽሐፉን መምረጥ

የሚያስፈልጉት ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት ብቻ ናቸው፦ «ዘ ሌስ ዲሲቭድ» (1955፣ 29 ግጥም)፣ «ዘ ዊትሰን ዌዲንግስ» (1964፣ 32 ግጥም) እና «ሃይ ዊንዶውስ» (1974፣ 24 ግጥም)። ድምሩ 85 ግጥም ነው። በየአሥር ዓመቱ ገደማ አንድ መጽሐፍ ማለት ነው፤ ላርኪን የሚጽፈው ቀስ ብሎ ነበር። ከእነዚህ በፊት በ1945 የታተመው «ዘ ኖርዝ ሺፕ» የአየርላንዳዊው ገጣሚ የዬትስ ድምፅ የሞላበት የወጣትነት ሥራ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይነበብ። ላርኪን ከዬትስ ጥላ የወጣው በ1946 የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶማስ ሃርዲን ግጥሞች አዘውትሮ ማንበብ ሲጀምር ነው፤ ስለ ተራ ሰው ተራ ቀን መጻፍ እንደሚቻል ያየው ከሃርዲ ነው።

«ሁሉንም በአንድ ላይ ልግዛ» የሚል ሰው ሽፋኑን ገልጦ ዓመቱን ይይ። አንቶኒ ትዌይት ያዘጋጀው የ1988ቱ ጥራዝ ግጥሞቹን በተጻፉበት ቀን ቅደም ተከተል ደርድሮ ላርኪን ሳያሳትማቸው የተዋቸውንም ደባልቋል። የ2003ቱ እትም የመጻሕፍቱን የመጀመሪያ ቅደም ተከተል መልሷል። በ2012 የወጣው የአርቺ በርኔት ጥራዝ ደግሞ ሁሉንም ከነማብራሪያው የያዘ ነው፤ ለተመራማሪ ይበጃል፣ ለጀማሪ ግን ይከብዳል። ቅደም ተከተሉ ለምን አስፈለገ? ላርኪን ራሱ የግጥም መጽሐፍ ሲያሰናዳ እንደ ድሮ የመዝናኛ መድረክ መርሐ ግብር ያየው ስለነበር ነው፤ ከረጅሙ ቀጥሎ አጭር፣ ከሚያሳዝነው ቀጥሎ የሚያስቅ። ያ ሲፈርስ ቀልደኛው ላርኪን ይጠፋና ሲያለቃቅስ የሚውል ሰው ብቻ ይቀራል። «ጨለምተኛ ነው» የሚለው ስም በከፊል የመጣው አንባቢው ግጥሞቹን ከመጽሐፋቸው ነጥሎ ከስልክ ላይ ስለሚያነብ ነው።

ለመጀመሪያው ሳምንት አምስት ግጥም ይበቃል፤ በዚህ ቅደም ተከተል፦ «ዴይስ» (10 ስንኝ)፣ «ዘ ትሪስ» (12)፣ «ሚስተር ብሊኒ» (28)፣ «ቸርች ጎይንግ» (63)፣ «ዘ ዊትሰን ዌዲንግስ» (80)። «ዲስ ቢ ዘ ቨርስ» የምትባለውን፣ ወላጅ ልጁን ስለማበላሸቱ የምትናገረውን ባለ 12 ስንኝ ግጥም ሁሉም ሰው ስለሚቀባበላት አብዛኛው ሰው በእሷ ይጀምራል፤ ባይጀምሩባት ይሻላል። አስቃ ስለምታልፍ ሌሎቹም እንደ እሷ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቁ ይመስላሉ።

ጆሮን ማስተካከል

የወል ቤትን የለመደ ጆሮ ቀለም ይቆጥራል፤ ስድስት ሲደመር ስድስት። በእንግሊዝኛ የሚቆጠረው በጉልበት የሚረገጠው ቀለም ነው። ላርኪን በረጃጅም ግጥሞቹ የሚያዘወትረው ምት አምስት ጊዜ «ደ-ዱም» የሚል አሥር ቀለም ገደማ ስንኝ ነው። አማርኛ ተናጋሪ እንግሊዝኛ ሲያነብ ቀለሞቹን ሁሉ እኩል ስለሚረግጣቸው ምቱ ከጆሮ ይጠፋል፤ ግጥሙም ስድ ንባብ ይመስላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ በዓይን ያንብቡ። ቀጥሎ ላርኪን ራሱ ሲያነብ ያድምጡ፤ ሦስቱንም መጻሕፍት በሸክላ ቀርጿል። ሦስተኛ፣ ጠረጴዛውን በጣት እየመቱ ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፤ በረጃጅሞቹ ግጥሞች በአንድ ስንኝ አምስት ምት። ምቱ ከአምስት ከበለጠብዎ ብዙ ጊዜ ስህተቱ «ኦፍ»፣ «ዘ»፣ «ኤንድ» የመሳሰሉትን ቃላት መርገጥዎ ነው፤ እነዚያ እየተዋጡ የሚታለፉ ናቸው። ሲያደምጡት ሌላም ነገር ያስተውላሉ። ድምፁን ከፍ ዝቅ አያደርግም፣ አይፎክርም፣ አያለቅስም። እንደኛ መድረክ በተንቀጠቀጠ ድምፅ ካነበቡት ግጥሙ ይሞታል።

ሁለተኛው ወጥመድ ቤት መምታት ነው፤ ይህኛው ከሁሉ የረቀቀ ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ያሻል። በ1954 የተጻፈው «ቶድስ» ሥራ የሚባለውን ነገር ሕይወት ላይ ቁጢጥ ካለ ጉርጥ ጋር ያመሳስለዋል። በመጀመሪያው አንጓ «ወርክ» ከ«ፒችፎርክ»፣ «ላይፍ» ደግሞ ከ«ኦፍ» ጋር ነው ቤት የሚመታው። ለእኛ ጆሮ ምንም የጎደለ የለም፤ «ፍ» ከ«ፍ» ገጥሟል፣ ቤቱ ደፍቷል። እንግሊዛዊው ግን ከመጨረሻው ተነባቢ በፊት ያለው አናባቢም እንዲገጥም ይጠብቃል። ስለዚህ እሱ የሚሰማው የሚያነክስ፣ ግማሽ ቤት ነው። ላርኪን ይህን ማነከስ ሆን ብሎ ይጠቀምበታል፤ ተናጋሪው ሲነጫነጭ ወይም ሲያፍር ቤቱ ያነክሳል፣ ሲረጋጋ ሙሉ ይሆናል። በ«ቸርች ጎይንግ» የመጀመሪያ አንጓ «ኦን»፣ «ስቶን» እና «ኦርገን» አንድ ቤት ናቸው። ለእኛ የተስተካከለ ነው፤ ለባለቤቶቹ ግን ቤተ ክርስቲያን ገብቶ እጁን የት እንደሚያኖር የጨነቀው ሰው ድምፅ ነው። ስለዚህ ቤት የሚመቱትን ቃላት ጥንድ ጥንድ አድርገው ከዳር ይጻፉ፤ ሙሉውን በ«ሙ» ግማሹን በ«ግ» ምልክት ያድርጉበት። ጆሮ ባይለየውም ወረቀቱ ይለየዋል።

በእርሳስ ማንበብ፦ «የጰራቅሊጦስ ሰርጎች»

«ዘ ዊትሰን ዌዲንግስ» አንድ ሰው በጰራቅሊጦስ ዋዜማ ቅዳሜ ከሃል ከተማ ወደ ለንደን በባቡር ሲሄድ በየጣቢያው አዲስ ሙሽሮች ሲሳፈሩ የሚያይበት ግጥም ነው። መነሻው በ1955 የተደረገ ጉዞ ነው፤ ግጥሙ ያለቀው በ1958 ነው። ስምንት አንጓ አለው፤ እያንዳንዱ አሥር ስንኝ። ግጥሙን በትልልቅ ፊደል፣ በስንኞቹ መሃል ሰፊ ክፍተት ትተው ያትሙና እርሳስ ይያዙ።

በቅድሚያ ቤቱን ይሰይሙ። የመጀመሪያው አንጓ ሀ ለ ሀ ለ ሐ መ ሠ ሐ መ ሠ ሆኖ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ አራት ቶሎ ቶሎ ይገናኛሉ፤ የኋለኞቹ ስድስት ግን አንዱ ቃል ጓደኛውን ለማግኘት ሦስት ስንኝ ይጠብቃል። ባቡር ሲነሣ መንገጫገጩ፣ ከዚያ ፍጥነት ሲይዝ ርቆ ርቆ የሚሰማው የሐዲድ ድምፅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀጥሎ ሁለተኛውን ስንኝ ያክብቡ። በየአንጓው ሁለተኛዋ ስንኝ አራት ቀለም ብቻ ናት፤ ሌሎቹ አሥር ገደማ ናቸው። አንባቢ ብዙ ጊዜ የማተሚያ ስህተት ትመስለውና ያልፋታል። እስትንፋስ መሰብሰቢያ ናት፤ እዚያ ላይ ካልቀነሱ ቀሪዎቹን ስምንት ስንኞች አይደርሱባቸውም።

አሁን ዋናው ሥራ ይመጣል፦ አራት ነጥብ ያለበትን ሁሉ በወፍራሙ ያስምሩበት። የመጀመሪያው አንጓ አሥር ስንኝ ቢኖረውም ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው የሚያልቀው ስድስተኛው ስንኝ መሃል ላይ ነው። ሁለተኛው ከዚያው መሃል ተነሥቶ እስከ አንጓው መጨረሻ ይሮጣል። በየስንኙ መጨረሻ ካረፉ ስሜት የሌለው ቁርጥራጭ ነው የሚያነቡት። በአማርኛ አንድ ስንኝ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሐሳብ ይዞ ስለሚያልቅ ማረፉ ልክ ነው፤ እዚህ ግን ዓይን ስንኙን ሲጨርስ ድምፅ መቀጠል አለበት። ሥርዓተ ነጥብ ሲያገኙ ብቻ ይረፉ፤ ነጠላ ሰረዝ ላይ ትንሽ፣ አራት ነጥብ ላይ ሙሉ።

ከአራተኛው አንጓ ወደ አምስተኛው ሲሻገሩ ነገሩ ይበልጥ ይታያል። አራተኛው አንጓ የሰርገኞቹን ሴቶች ልብስ ሲዘረዝር ቆይቶ የሚያልቀው «ዛት» በሚል አያያዥ ቃል ነው፤ ግሱ ያለው በባዶው መስመር ማዶ፣ በሚቀጥለው አንጓ መጀመሪያ ላይ ነው። ባቡሩ ስላልቆመ ዓረፍተ ነገሩም አይቆምም። ጣቢያ ላይ ያሉት ሴቶች ለዓይን ታይተው ሳይጠገቡ የሚያልፉትም በዚህ ምክንያት ነው።

አብዛኛው አንባቢ የሚሰናከለው እዚሁ አካባቢ ነው። ስለ ወፍራም እናቶች፣ ስለ ርካሽ ጌጣጌጥ፣ ብልግና ስለሚጮህ አጎት ሲያነብ «ይሄ ሰው ድሃ ይንቃል» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋዋል። ንቀቱ የለም አይባልም። ግን ተውላጠ ስሞቹን ይከተሉ። በመጀመሪያው ስንኝ «እኔ» ብሎ የተነሣው፣ ከሰርገኛው ጩኸት ሸሽቶ ሲያነብ የነበረው ሰው፣ ለንደን ሲቃረብ «እኛ» ውስጥ ገብቷል። ያ «እኛ» ባቡሩን፣ ሙሽሮቹንና እሱን አንድ ላይ ይዟል። ማንም «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ» አላለም፤ ተውላጠ ስሙ ብቻ ተለወጠ። መጨረሻ ላይ ፍሬኑ ሲያዝ ከዓይን ርቆ የተወነጨፈ የቀስት ዶፍ የሆነ ቦታ ዝናብ ሲሆን እናያለን። «ጋብቻ ጥሩ ነው ማለቱ ነው ወይስ መጥፎ?» ብለው አይጠይቁት። ዝናብ ያበቅላል፣ ያበሰብሳልም፤ ቀስትም መጀመሪያ የመግደያ መሣሪያ ነው።

ሚስተር ብሊኒ፣ ግሱ መጨረሻ ላይ ሲመጣ

እዚህ ላይ ደግሞ አማርኛ ተናጋሪ ከእንግሊዙ የተሻለ ዕድል አለው። ግጥሙ በ1955 የተጻፈ ነው፤ ሰባት አንጓ፣ እያንዳንዱ አራት ስንኝ፣ ቤቱ ሀ ለ ሀ ለ። አከራይዋ ክፍሉን ታሳያለች፤ ከዚህ በፊት የነበሩት ተከራይ አቶ ብሊኒ ናቸው። መጋረጃው ሳስቶ ከመስኮቱ ደፍ በአምስት ኢንች ያጥራል፣ ማለትም 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ። አልጋ፣ ደረቅ ወንበር፣ 60 ዋት አምፖል፤ ከበሩ ጀርባ ልብስ መስቀያ የለም፣ ለመጽሐፍም ለሻንጣም ቦታ የለም። ተናጋሪው ክፍሉን ይከራያል፤ ብሊኒ በተኙበት ይተኛል፣ ሲጋራውን የሚተረኩሰው እሳቸው በተረኮሱበት የስኒ ማስቀመጫ ላይ ነው።

እነዚህን ዕቃዎች ዝም ብለው አያልፏቸው፤ ቁጠሯቸው። የሰውዬው ሕይወት ከዕቃ ዝርዝር ሌላ እንደሌለው አንባቢው ራሱ እንዲደርስበት ነው የተደረደሩት።

የመጨረሻዎቹ ሁለት አንጓዎች፣ ስምንት ስንኝ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ናቸው። የሚጀምሩት «ግን… ከሆነ» በሚመስል ቃል ነው። እንግሊዛዊው አንባቢ «እንዲህ ከሆነ እንዲያ ይሆናል» የሚል ነገር ይጠብቃል። ይቆማል ብሊኒ፣ ደመናውን ያያል፣ የሻገተው አልጋ ላይ ይጋደማል፣ «ቤቴ ይሄ ነው» ይላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አኗኗራችን የማንነታችን ልክ ነው የሚለው ፍርሃት አይለቀውም፤ ስንኞቹ ይሮጣሉ፣ ዋናው ግስ አልመጣም። የሚመጣው በመጨረሻዋ ስንኝ መጨረሻ ላይ ነው፦ አላውቅም። ያኔ ብቻ ነው ያ ሁሉ ነገር ግምት እንደነበር የሚገባን።

ለእንግሊዝኛ ይህ የተጣመመ አሠራር ነው፤ ብዙ ተማሪ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመልሶ ያነበዋል። ለአማርኛ ግን የተፈጥሮ መንገዱ ነው፤ «…እንደሆነ አላውቅም» ብሎ መጨረስ በየቀኑ የምናደርገው ነው። ችግሩ ተገልብጦ ይመጣል፦ ለእኛ በጣም ቀላል ስለሆነ መጠበቁ አይሰማንም። መድኃኒቱ በእንግሊዝኛው ድምፅ አውጥቶ፣ ሳያርፉ፣ በአንድ ትንፋሽ እስከ መጨረሻው መሮጥ ነው። ትንፋሽ ሊያጥርዎ ሲል ነው «አላውቅም» የሚደርሰው።

ወርቁ የት አለ?

«ቸርች ጎይንግ» የሚለውን ርዕስ ማንኛውም ቅኔ የሰማ ሰው ይወደዋል። ሰሙ ቤተ ክርስቲያን መሳም፣ አዘውትሮ መሄድ ነው፤ ወርቁ ቤተ ክርስቲያን ራሷ እየሄደች፣ እየጠፋች መሆኗ ነው። ኅብሩ አንድ ቃል ላይ ነው ያለው። እንዲህ ዓይነቱን ላርኪን አልፎ አልፎ ያደርገዋል፤ «ዲስ ቢ ዘ ቨርስ» መጀመሪያ ላይ ያለው ጸያፍ ግስም በአንድ በኩል «ማበላሸት»፣ በሌላ በኩል የወላጆቹን ልጅ የማፍራት ሥራ የሚያስታውስ ኅብር አለው። ግን በእያንዳንዱ ስንኝ ወርቅ ፍለጋ መቆፈር ዋጋ የለውም። «ቸርች ጎይንግ» ውስጥ ሰውዬው ባርኔጣ ስላላደረገ በአክብሮት የሚያወልቀው የሱሪውን እግር ከብስክሌቱ ካቴና የሚጠብቀውን መቆንጠጫ ነው። ያ መቆንጠጫ ምሳሌ አይደለም፤ መቆንጠጫ ነው። የሚያስቀውም የሚያሳዝነውም ያ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የመጨረሻውን ስንኝ ነጥሎ መውሰድ ነው። «አን አረንደል ቱም» በቺቸስተር ካቴድራል ስላለ፣ የ14ኛው ክፍለ ዘመን መስፍንና ባለቤቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስለተቀረጹበት የመቃብር ሐውልት ነው። የመጨረሻዋ ስንኝ ከእኛ የሚተርፈው ፍቅር ነው ትላለች፤ በዚህም ምክንያት ለሰርግም ለቀብርም ትጠቀሳለች። ከእሷ በላይ ያለችው ስንኝ ግን «ከሞላ ጎደል» የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ይዛለች፤ ከሞላ ጎደል በደመ ነፍስ የምናምነው፣ ከሞላ ጎደል እውነት የሆነው። ላርኪን የሰጠውን በአንድ እጁ ይዞታል። በ2016 በዌስትሚንስተር አቢ በገጣሚዎች ጥግ የተነጠፈለት ድንጋይ ሁለቱንም ስንኞች መያዙ ተገቢ ነው። ቦታው ድረስ ሄዶ ለሚያይ ደግሞ ትንሽ ነገር፦ ግጥሙ የመስፍኑ የግራ እጅ ጓንት ወልቋል ይላል፤ በድንጋዩ ላይ የወለቀው የቀኙ ነው። ላርኪን ስህተቱን ኋላ ላይ አምኗል፤ ግጥሙን ግን አልለወጠም። ሐውልቱም ቢሆን በ1843 ኤድዋርድ ሪቻርድሰን በተባለ ቀራጭ ታድሷል።

ሕይወቱ ምን ያህል ያስፈልጋል?

ጥቂት። ነሐሴ 9 ቀን 1922 በኮቨንትሪ ተወለደ፤ አባቱ የከተማው አስተዳደር የገንዘብ ኃላፊ ነበሩ። በኦክስፎርድ ሴንት ጆንስ ኮሌጅ እንግሊዝኛ ተማረ፤ ዓይኑ ደካማ ስለነበር በጦርነቱ አልዘመተም። ከ1943 ጀምሮ ሥራው ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ በዌሊንግተን፣ በሌስተር፣ በቤልፋስት፣ ከ1955 እስከ ዕለተ ሞቱ ታኅሣሥ 2 ቀን 1985 ድረስ በሃል ዩኒቨርሲቲ። አላገባም። ሁለት ልብ ወለድ አሳትሟል፤ ጃዝ ይወድ ነበር፣ ስለ ጃዝም በጋዜጣ ይጽፍ ነበር። በ1984 የንግሥቲቱ ባለቅኔ የመሆን ጥያቄ ቀርቦለት እምቢ አለ።

ይህ ግጥሙን የሚረዳበት ቦታ አለ። «ቸርች ጎይንግ» የተጻፈው ቤልፋስት ሳለ በ1954 መሆኑን ያወቀ ሰው ሰውዬው ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የጣለው የአየርላንድ ስድስት ፔኒ ከየት እንደመጣ ይገባዋል፤ በእንግሊዝ ሱቅ የማይሠራ ሳንቲም ነው፣ የምጽዋቱ ቀልድ እሱ ላይ ነው። «ኦባድ» የሚባለው፣ ሌሊት አራት ሰዓት ነቅቶ ሞትን ስለሚፈራ ሰው የሚናገረው ባለ 50 ስንኝ ግጥም ታኅሣሥ 23 ቀን 1977 ሲታተም እናቱ ከሞቱ ገና አንድ ወር አልፏቸው እንደነበር ማወቅም አይጎዳም። በነገራችን ላይ ያ አራት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው፤ ሲተረጎም ብዙ ጊዜ ይረሳል።

የማይረዳበትም አለ። በ1992 ደብዳቤዎቹ፣ በ1993 በአንድሩ ሞሽን የተጻፈው የሕይወት ታሪኩ ሲወጡ ዘረኛና ሴት የሚያንቋሽሹ አነጋገሮቹ አደባባይ ወጡ። የግል ማስታወሻ ደብተሮቹን በእሱ ትእዛዝ የቢሮ ጸሐፊው ቤቲ ማከሬዝ ቆራርጣ አጥፍታቸዋለች። ይህን መደበቅ አይገባም፤ ግን ደብዳቤውን አስቀድሞ ያነበበ ሰው በየግጥሙ ውስጥ ወንጀለኛ ፍለጋ ይገባል፣ «እኔ» የሚለውንም ሁሉ ላርኪን ያደርገዋል። ሦስቱን መጻሕፍት ይጨርሱ፣ ከዚያ የሕይወት ታሪኩን ይክፈቱ። በ2014 የወጣው የጄምስ ቡዝ መጽሐፍ ለላርኪን ይበልጥ ይራራል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ነው የሚሻለው።

ወደ አማርኛ መመለስ

አንድን ግጥም በትክክል ያነበቡ መሆንዎን የሚፈትኑት በመተርጎም ነው። መጀመሪያ በስድ ንባብ ይመልሱት፤ እንግሊዝኛው አራት ነጥብ ያደረገበት ቦታ ላይ አራት ነጥብ ያድርጉ፣ አይጨምሩ፣ አይቀንሱ። ከዚያ ወደ ስንኝ ይሂዱ። የሚያጋጥሙት ችግሮች የታወቁ ናቸው።

አንደኛው ግስ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር ሁሉም ቤት በ«ል» ወይም በ«ው» ያልቃል፤ በአሥረኛው ስንኝ ጆሮ ይሰለቻል። ስንኙን በስም ወይም በአያያዥ ግስ፣ «ቆሞ»፣ «ሲያይ»፣ «እያለ» በመሳሰሉት ቆርጦ ዋናውን ግስ ወደሚቀጥለው ማሻገር የላርኪንን ሩጫም ይጠብቃል። ቤቱ አልመጣ ካለ ቤቱን ይተዉት፤ ቤት ለማሟላት የሚገቡ «እቴ»፣ «ወይ ጉድ»፣ «አይ ጊዜ» ዓይነት መሙያዎች ደረቁን ሰው አዝማሪ ያደርጉታል።

ሁለተኛው የአክብሮት ነገር ነው። እንግሊዝኛው «ሂ» ብሎ ያልፈዋል፤ እኛ ግን «እሱ» እና «እሳቸው» መካከል መምረጥ አለብን። አከራይዋ ስለ ቀድሞ ተከራይዋ ስታወራ «አቶ ብሊኒ እኮ አትክልቱን እሳቸው ነበሩ የሚኮተኩቱልኝ» ነው የምትለው። የሚሻለው አከራይዋ የምትናገርባቸውን አንጓዎች በ«እሳቸው» ይዞ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት አንጓዎች ተናጋሪው ብቻውን አልጋው ላይ ሲሆን ወደ «እሱ» መውረድ ነው። በእንግሊዝኛው ውስጥ የሌለ መሣሪያ ነው፤ ሥራው ግን እዚያው ያለ ነው፣ ተከራዩ ከብሊኒ ጋር አንድ ሰው መሆን የጀመረበት።

ሦስተኛው ቃል ነው። ጉርጡን «እንቁራሪት» ካሉት ይቀልና ይዘላል፤ ላርኪን የፈለገው የሚከብድ፣ የሚዘፈዘፍ ነገር ነው። «ዊትሰን» በዓለ ጰራቅሊጦስ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ሆኖም የዚያን ዘመን እንግሊዛዊ በዋናነት የሚያስበው ቀጥሎ ያለውን የሰኞ ሥራ መዝጊያ ነበር፤ በዓሉን ተከትሎ የሚዘዋወረው ያ ሰኞ በ1971 ቋሚ በሆነ የግንቦት መጨረሻ ሰኞ ተተክቷል። ርዕሱ ላይ «ጰራቅሊጦስ» ይኑር፤ ግጥሙ ውስጥ ግን የቤተ ክርስቲያን ሽታ አይጨመርበት። «ኦባድ»ን ሲመልሱ ደግሞ ሙሾ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። እዚያ ግጥም ውስጥ ማንም ደረት አይመታም፤ ሰውዬው ግድግዳውን እያየ ያስባል፣ ሲነጋ ፖስተኞች ከቤት ቤት ይዞራሉ።

ለራስ መተርጎም የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ማሳተም ግን ይጠይቃል፤ ደራሲው በ1985 ስለሞተ በብሪታንያ ሕግ መብቱ እስከ 2055 መጨረሻ የተጠበቀ ነው። ጥያቄው በአሳታሚው በፌበር በኩል ይጀመር።

ሃል ለሚሄድ

ብሪታንያ ለሚኖር አንባቢ አንድ ቀን ይበቃዋል። በፓራጎን ባቡር ጣቢያ አዳራሽ በማርቲን ጄኒንግስ የተሠራ፣ ለባቡር የሚጣደፍ ላርኪን ቆሟል፤ የተተከለው በ2010 ነው። ከዚያ ወደ ፒርሰን ፓርክ፤ ቁጥር 32 ላይኛው ፎቅ ከ1956 እስከ 1974 የኖረበት ነው፣ ከፍ ያሉትን መስኮቶች ከመናፈሻው ሆኖ ማየት ይቻላል፤ ቤቱ የሰው መኖሪያ ስለሆነ አያንኳኩ። ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ላርኪን ኃላፊ ሳለ በሁለት ዙር የተገነባ ነው። መቃብሩ ኮቲንግሃም ነው። ነጭ ድንጋይ፣ ስም፣ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ከሥሩ «ጸሐፊ» የሚል አንድ ቃል። ገጣሚ አይልም።

ወደ ለንደን ሲመለሱ በባቡሩ አቅጣጫ በስተግራ መስኮት ይቀመጡ። ሐዲዱ ከጣቢያው እንደወጣ የሃምበርን ወንዝ ይዞ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው አንጓ መጨረሻ ላይ ሰማይ፣ ሊንከንሻየርና ውኃ የሚገናኙበት ቦታ ያ ነው። የዓሣ ወደቡን ሽታ አይፈልጉት፤ ሴንት አንድሩስ ዶክ በ1975 ተዘግቷል። ሄስል ላይ የሚታየው ትልቁ ድልድይም በግጥሙ ውስጥ የለም፤ የተከፈተው በ1981 ነው፣ ለመክፈቻው የተዘፈነውን ግጥም የጻፈውም ላርኪን ነው።